ፕላኑ ላይ ያረፈው ብርጭቆ

ቢቸና ውስጥ አርክቴክት መሆን ምን እንደሚመስል ላስረዳችሁ። አንድ ሰው ቢሮዬ ብቅ ይልና፣ «ቤት ትሠራለህ አሉ?» ይለኛል።

«አልሠራም።»

«ግንበኛ አይደለህ?»

«አይደለሁም።»

«እኮ ምንድን ነህ?»

«ቤት እነድፋለሁ።»

ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ ይመለከተኝና፣ «ንብም ይነድፋል፤ እሱስ ማር ይሰጣል» ብሎ ወደ ጎረቤቴ ወደ ልብስ ሰፊው ይሻገራል። ልብስ ሰፊው ቢያንስ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል።

ይኸው ለሃምሳ ሁለት ዓመት እስኪቀረኝ እንዲህ ስኖር ከፍቶኝ አያውቅም። ሆዴና ፀጉሬ ብቻ አልስማማ ብለው አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ሄደዋል። ሥራዬን እወዳለሁ። ዛሬ የማወጋችሁም ሥራዬን በደንብ የማውቅ መስሎኝ ስኖር፣ አንድ ብርጭቆ እንዴት አድርጎ እንዳስተማረኝ ነው። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ትንሽ ብጨምርበትም እንደ ጨው ነው፤ ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል?

ሞጣ ውስጥ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ ልየው የሚባል ወዳጅ አለኝ። ሚስቱ ትሁን የምትባል አስተማሪ ናት፤ ባሏንም ተማሪዋንም በአንድ ዓይን ነው የምታየው። ሁለቱ ዘመናቸውን በኪራይ ቤት ኖረው በመጨረሻ የራሳቸውን ሊሠሩ ተነሡ። ያጣደፋቸው ግን የኪራዩ ነገር አልነበረም። የልየው እናት፣ እማሆይ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ከሞጣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቀው በአሮጌ ክብ ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት የጎጆው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ጣሪያውም ከውጭ ይልቅ ውስጡን ያዘንብ ጀመር። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ልየው እንቅልፍ አይወስደውም። «ይምጡና አብረን እንኑር» ብሎ ስንት ጊዜ ለመናቸው። የእማሆይ መልስ አንድ ነው፦ «በሰው ቤት አልጦርም። የራስህን ስትሠራ መጥቼ አያለሁ። ልቤ ከወደደው እገባለሁ፤ ካልወደደው እዚሁ ጎጆዬ እከርማለሁ።»

ስለዚህ ቤቱ የእኔ፣ የልየውና የትሁን ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከመጪው ክረምት በፊት እማሆይን የሚያስወድድ ቤት መሆን ነበረበት።

ያኔ ደግሞ የኮምፒውተር ፍቅር ይዞኝ ነበር። ቤት ስትስልበት ሣር የሚያበቅል፣ ዛፍ የሚተክል፣ ሰው የሚያቆም ፕሮግራም ተምሬ አንድ ወር ሙሉ ሰው ሳላነጋግር ከረምሁ። የልየውን ቤት በዚያ ሠርቼ፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ በትልቅ ወረቀት በቀለም አሳተምሁና እንደ ታቦት ተሸክሜ ሞጣ ገባሁ።

የኪራይ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ልየውና ትሁን ግራና ቀኝ ቆሙ። እማሆይም ንድፉን ሊያዩ ከጎጆአቸው መጥተው ነበርና የቅራሪ ብርጭቋቸውን ይዘው ወንበራቸውን አስጠጉ። ጸጥታ ሆነ። የአድናቆት ጸጥታ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ እማሆይ።

«የቷ እማሆይ?»

«ይቺ ቁምጣ ለባሽ፣ ውሻ የምትጎትት።»

«እሷ … ከፕሮግራሙ ጋር የመጣች ናት።»

«አብራን ነው የምትኖር?»

«ኧረ አትኖርም።»

«እንኳን። ቀይ መኪናውስ የማን ነው? ልየው፣ መኪና ገዝተህ ደበቅኸኝ?»

ልየው ሳል ያዘው። እንዳልገዛ ማለ፤ ዓይኑ ግን ከመኪናው ላይ አልተነሣም።

«እሺ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አልሁ።

«ቆንጆ ነው» አለ ልየው። «ጥሩ ነው» አለች ትሁን። እማሆይም «እግዜር ያስፈጽመው» አሉ።

የእኛን አገር ሰው ካላወቃችሁ፣ ሦስት ምስጋና የተቀበልሁ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ወዲያው ተረጎምሁት፦ አንፈልገውም፣ አንፈልገውም፣ በጭራሽ አንፈልገውም።

«የማይመች ነገር ካለ ንገሩኝ እንጂ» ብዬ ለመንሁ።

«ያለቀ ቤት ምን ይባላል ልጄ?» አሉ እማሆይ። «ሣሩ ሳይቀር በቅሏል። እኛ ለምርቃቱ ነው የተጠራን፤ ለምክር አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ከፈሰሰብኝ ላብ ቅራሪ ሊጠመቅ ይችል ነበር። ያን የመሰለ ሥዕሌን ገለበጥሁት፤ ቁምጣ ለባሿ በአፍጢሟ ተደፋች። ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁና ነጩ ጀርባ ላይ አንድ መስመር አሰመርሁ። እጄ ተናዶ ስለነበር ጠማማ ወጣ።

እዚህ ላይ ከአርባ መጽሐፍ የሚበልጥ ምስጢር ላካፍላችሁ። ሰው የታተመን መስመር ይፈራል። በእጅ የተሳለ ጠማማ መስመር ሲያይ ግን ካላቃናሁት ብሎ ይነሣል። ገና «ይህ ሳሎን ነው» ከማለቴ ልየው «ጠበበ!» አለ። ሁለተኛውን መስመር ስጀምር ትሁን «ቆይ፣ ቆይ፣ ወጥ ቤቱ እዚያ ከሆነ ጭሱ ወዴት ሊሄድ ነው?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ቅድም ድዳ የነበረ ቤት በአንድ ጊዜ ገበያ ሆነ።

«በል አንተው አስፋው» ብዬ እስክሪብቶዬን ለልየው ሰጠሁት። ልየው ሳሎኑን ሲያሰፋ ቆየና ከፊት ለፊት፣ ከግቢው በር አጠገብ፣ በጣም ጥሩው ማዕዘን ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ሳለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ትሁን።

«የመኪና ማሳደሪያ።»

«የምን መኪና? በግ እንኳ አድሮልህ ያውቃል?»

«እዚያ ሥዕሉ ላይ አላየሽም? ቤት ያለ መኪና ባዶ ነው የሚመስል።»

«አምጣ ወዲህ!» ብላ እስክሪብቶውን ነጠቀችው። እሷም ወጥ ቤቱን ጎትታ፣ መስኮት ከፍታ፣ የልየውን መኝታ ክፍል ሩብ ያህል ቆርጣ መጽሐፍ መደርደሪያ አደረገችው። እኔ ነጠቅኋት፤ ልየው ነጠቀኝ። እስክሪብቶዋ እጅ በእጅ ስትዞር ውላ ቀለሟ አልቆ ሌላ አወጣሁ። እጄ ልማድ ስላለው ስስልም አንዷን ሳንቲም በግማሽ ሜትር እየቆጠርሁ ነውና መስመሩ ይንጋደድ እንጂ ልኩን አይስትም። ደስታዬ ወሰን አጣ። «አየህ፣ ሰው የሚሰማ አርክቴክት ማለት እንዲህ ነው!» እያልሁ ለራሴ አጨበጨብሁ።

«የእማሆይ ክፍል እዚህ ነው» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ፤ ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አራት ማዕዘን ሳልንላቸው።

«ከዚያ ሆኜ በር ይታየኛል?» አሉ።

«አይታይም፤ ጸጥ ያለ ነው።»

«የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንስ?»

«ግድግዳ ይጋርደዋል፤ ሙቀት ግን አለው።»

«ማዕዘንም በዛበት። ማዕዘን የአቧራና የሰይጣን መሰብሰቢያ ነው።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «እግዜር ያስፈጽመው» አሉና ብርጭቋቸውን ወረቀቱ ላይ፣ ልየው መኪናውን ሊያሳድርበት ካሰበው ሳጥን ላይ አሳረፉት። ሥዕሉ እንዳይበላሽ አንሥቼ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አስቀመጥሁላቸው። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ብርጭቆው ተመልሶ እዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አነሣሁት፤ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣሁት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። «እርጅና ነው» ብዬ በሆዴ አዘንሁላቸውና ተውሁት። ብርጭቆው ሲነሣ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ክብ ትቶ ነበር። ስለ አንድ የቅራሪ እድፍ ማን ይጨነቃል?

አሁን ወደ ጥፋቴ እንግባ።

ቁጭ ብዬ ንድፉን በደንቡ በኮምፒውተር ላወጣው ነበር። ግን ቢቸና መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ፋይሉ ጠፋ። ልየው ደግሞ የመሠረቱን ቀን ቆርጧል፤ ቄሱ ተነግሯቸዋል፤ ጎረቤቱ ለወንፈል ሥራ ተጠርቷል፤ ጠላው ተጠምቋል። ጠላ ከተጠመቀ በኋላ ቀን ማን ያራዝማል? ስለዚህ ያንኑ በእጅ የሳልነውን ወረቀት ልኩን ጻፍሁበትና ፎቶኮፒ አስነሥቼ ለግንበኛው ለስሜነህ ሰጠሁት። ፎቶኮፒውን አላየሁትም። የራሴን ሥዕል ምን ብዬ አያለሁ?

ስሜነህ እጁ ወርቅ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከእጁ ይቀድማል። ከዚያ በፊት በአንድ ቤት ከራሱ አንድ በር ጨምሮብኝ፣ ሁለት በሮች ሲከፈቱ እንደ ተጣሉ በጎች እየተዋጉ እስከ ዛሬ አሉ። ስለዚህ ጣቴን ቀስሬ አስጠነቀቅሁት።

«ስሜነህ፣ ስማኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ሥራ፤ የሌለውን አትሥራ። ከራስህ አንዲት ጠጠር እንዳትጨምር!»

«እሺ ኢንጂነር።»

«አንዲት ጠጠር!»

«ገባኝ አልሁ ኢንጂነር።»

የመሠረቱ ዕለት እሄዳለሁ ስል፣ በዋዜማው እዚሁ ቢቸና አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ ወደኋላ ወደኋላ እየሄድሁ ቤቱን ስመለከት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጉድጓዱን ማን አስቆፈረው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔው ነኝ፤ «የመጸዳጃው ጉድጓድ እዚህ ይሁን» ብዬ በራሴ እጅ ሥዬ። ደግነቱ ገና አልተመረቀም። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዱባ አበጠ። ወጌሻው እያሸ ያስጮኸኝ ጩኸት የጁቤ ከተማ ድረስ ተሰምቶ፣ ሰው ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ ይባላል። ሃያ ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልሁ። በየሦስት ቀኑ ለስሜነህ እደውላለሁ።

«ሥራው እንዴት ነው?»

«ልክ እንደ ወረቀቱ ኢንጂነር።»

«ምንም አልጨመርህም?»

«አንዲት ጠጠር።»

«ምን?!»

«አንዲት ጠጠር አልጨመርሁም ነው የምል።»

በሃያ አንደኛው ቀን ምርኩዜን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ቀኑን የመረጥሁት እማሆይ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡበት ስለሆነ ነው። በደብረ ወርቅ በኩል ስናልፍ ለእማሆይ የምናገረውን ንግግር በልቤ እያጠናሁ ነበር። ሞጣ ደርሼ የግቢውን በር ስገፋ ንግግሩም ምርኩዙም ከእጄ ወደቁ።

ግድግዳው ደረት ደርሷል። ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ልክ እንደ ወረቀቱ። ከፊት ለፊት፣ የልየው መኪና በሚያድርበት ማዕዘን ላይ ግን፣ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ሙሉ ክብ ቁሟል። አንድ ሰው ማታ ጎተራውን እዚያ አስቀምጦ የረሳ ይመስላል።

«ስሜነህ!» አልሁ። «ይህን ጎተራ ማን ሥራ አለህ?»

ስሜነህ ከደረት ኪሱ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ወረቀቱ» አለ።

አየሁት። ቡናማው የቅራሪ ክብ በፎቶኮፒው ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ የመኪናውን ሳጥን ውጦ፣ ከእኔ መስመር ሁሉ ደምቆ ቤቱን የሚመራው እሱ መስሏል።

«ውፍረቱ ከሌላው ግድግዳ ይበልጣል» አለ ስሜነህ። «ስለዚህ በድንጋይ አደረግሁት። ብሎኬትማ አይታጠፍ።»

«ልኩንስ ማን ነገረህ?»

«በማስመሪያ ለካሁ። ሰባት ሳንቲም። ሦስት ሜትር ተኩል ማለት ነው።»

«ይህ በሩስ? ይህ መስኮቱስ?»

«መስመሩ ሁለት ቦታ ይቋረጣል ኢንጂነር። አንዱ ወደ ቤቱ፣ አንዱ ወደ ደጅ። ባዶ ቦታ ሲተው በር ወይም መስኮት ነው ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ።»

የብርጭቆው ቂጥ ወጣ ገባ ስለነበር ያልነካው ቦታ ነው! አልነገርሁትም። ምን ብዬ?

«እሺ፣ ያን ሁሉ ሰው ለወንፈል ሲመጣ አንድ እንኳ ይህ ምንድን ነው ያለ የለም?»

«ለምን ይላል? ክብ ቤት ነዋ!»

ነገሩ ገባኝ። ሌላ አገር ቢሆን ግንበኛው ስልክ ደውሎ «አርክቴክቱ አብዷል ወይ?» ይላል። እዚህ ግን የወንፈሉ ሰው ሁሉ ክብ ቤት ተወልዶ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ያደገ ነው። ስሜነህ እንደ ነገረኝ፣ ለቀጥታው ግድግዳ ሲባጎ ሲወጠር ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመው ነበር። ወደ ክቡ ሲደረስ ግን «አንተ ወዲያ፣ ይህ የእኛ ነው» ብለው መኻሉ ላይ ችካል መትተው፣ ገመድ አስረው፣ ማን ይዞራል ማን ይዞራል ብለው ተጣሉ። ቄሱም ሌላውን ግድግዳ አንዴ ጠበል ሲረጩ ክቡን ሁለቴ ረጩት፤ ለጸሎት ቤት የታሰበ መስሏቸው።

«ልየውስ ዝም አለ?»

«አቶ ልየው የመኪናው ማዞሪያ መስሏቸዋል።»

«ትሁንስ?»

«የውሃ ማጠራቀሚያ።»

ይህን ስንል ልየውና ትሁን ደረሱ። የብርጭቆውን ነገር አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝሁ። ትሁን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልየው ግን ክቡን ዞረው፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞረው።

«ታዲያ መኪናዬ በየት ሊገባ ነው?»

«በመስኮት» አለች ትሁን።

«ቀልድ አይደለም! እማሆይ አሁን ሊደርሱ ነው። በጎተራ ልታስቀምጡኝ ነው ወይ ብለው ከተመለሱ አለቀልን። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ያ ጎጆ ዘንድሮን አያልፍም። አፍርሰው!»

«በግማሽ ሰዓት? ሃያ ቀን የተጠረበ ድንጋይ?» አለ ስሜነህ፤ የራሱን ልጅ እረድ የተባለ ያህል ደረቱን ይዞ።

«እንግዲያው እንሸፍነው» አልሁ። ጥሩ ሐሳብ ከእኔ የሚመጣው ሁልጊዜ በመጥፎ ሰዓት ነው። የሲሚንቶ ማልበሻ ሸራ አመጣንና ክቡ ላይ ዘረጋነው። ንፋስ ገልጦ ገልጦ አስቸገረን፤ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ አንዱን ጫፍ ያዝሁ፣ ልየው ሌላውን፣ ስሜነህ ሦስተኛውን። እንዲህ ተወጥረን ሳለን የግቢው በር ተከፈተ።

እማሆይ በበትራቸው ተደግፈው ቆመው አዩን።

«ምን ድንኳን ነው? ሰርግ ነው ለቅሶ?»

«ሲሚንቶው ፀሐይ እንዳይመታው ነው እማሆይ» አልሁ።

ትሁን ቀድማ እጃቸውን ይዛ ወደ ኋላው ክፍል ወሰደቻቸው። ከሩቅ አየኋቸው። አራቱን ማዕዘን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በር ፈለጉ፤ አይታይም። ጊዮርጊስን ፈለጉ፤ አይታይም። ከዚያ ያችን ቃል ሰማሁ።

«እግዜር ያስፈጽመው።»

ልየው ሸራውን ለቀቀው። ፊቱን ሳይ ድሮ የሠራሁት ቀልድ ሁሉ ጠፋኝ። ሰውየው በዓይኑ ዝናብ እያየ ነበር።

እማሆይ ሊሄዱ ሲመለሱ ሸራው አጠገብ ቆሙና ጫፉን በበትራቸው ገለጡት።  በክፍቱ በኩል ጎንበስ ብለው ገቡ። መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ግድግዳውን እየዳሰሱ አንድ ዙር ዞሩት። ከዚያ ስሜነህ ጠርቦ በተረፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ክፍተት ነው። ከዚያ ሆነው የግቢው በር ይታያል፤ ከበሩ በላይ የጊዮርጊስ ጉልላት ይታያል። አንድ ሰው በበሩ አልፎ «እንዴት ዋሉ እማሆይ?» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት ከተቀመጡበት ሳይነሡ። 

«ማዕዘን የለውም» አሉ በመጨረሻ። «ማን ነው ያሰበው?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ተከፈተ። «እኔ እንኳ እማሆይ፣ የአካባቢውን ባህል ከዘመናዊው ጋር …» ከማለቴ ስሜነህ፣ ውሸት የማያውቅ ፍጡር፣ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። «ወረቀቱ ላይ ያለ ነው።»

እማሆይ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ብርጭቆዬ!»

«አዎ … በስሕተት ነው እማሆይ፤ እናስተካክላለን …»

«የምን ስሕተት? ሦስት ጊዜ አነሣህብኝ፤ ሦስት ጊዜ መለስኋት። እናንተ እስክሪብቶ ስትነጣጠቁ ለእኔ ማን ሰጠኝ? ባለኝ ነገር ነዋ ያሳየሁ። እዚህ ነው የምቀመጥ ማለቴ ነበር። ክብነቱን እግዜርና ይህ ልጅ ጨመሩበት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጉድጓድ ግን ከዚያ በፊት ጠግቤያለሁ። ያን ዕለት ስንት እስክሪብቶ ጨርሰን፣ ሰው የሚሰማ አርክቴክት ነኝ እያልሁ ሳጨበጭብ፣ ቤቱ የሚሠራላቸው ሰው እጅ ባዶ ነበር። የተናገሩትንም እንደ እድፍ ቆጥሬው ነበር።

ልየው ቀስ ብሎ፣ «እማ፣ መኪናውስ?» አለ።

«መኪናህ ሲመጣ ቦታ እንፈልግለታለን። እኔ ግን መጥቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ንድፉን ከቤቱ ላይ ገልብጬ ሣልሁት፤ ቤት ከንድፍ ሲገለበጥ እንጂ ንድፍ ከቤት ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ማዘጋጃ ቤት ወስጄ «ይህ ክብ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የደንበኛ ፍላጎት» አልኋቸው፤ በሕይወቴ ለማዘጋጃ ቤት ከተናገርሁት ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው። ስሜነህ ለክቡ ሾጣጣ ቆርቆሮ አለበሰው፤ ውስጡን ዙሪያውን መደብ አደረገለት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እማሆይ ገብተው ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ልየው ስልክ ደውሎ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲያጉረመርም አደረ አሉኝ፤ እኔ አልሰማሁም።»

ኮምፒውተሩ አሁንም አለኝ። ደንበኛ ሲመጣ ግን የማወጣው ባዶ ወረቀት ነው። እስክሪብቶ በቁጥር ነው የምይዝ፤ አንድ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ አንድ ደግሞ ከጥግ ተቀምጦ «እግዜር ያስፈጽመው» ለሚለው ሰው። ብርጭቆም ከወረቀት ላይ አላነሣም።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ቢቸና አንድ አዛውንት ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ስንነጋገር ስንስል ውለን ሲሄዱ ወረቀቱን አየሁት፤ እሳቸው በተቀመጡበት በኩል ሦስት ክቦች አሉ፤ አንዱ መኝታ ቤት ላይ፣ አንዱ በረንዳው ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የጎረቤት መሬት ላይ። በአንድ እግሬ እያነከስሁ መንገድ ላይ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ እነዚህ ሦስቱ ክቦች … ምን ሊሉኝ ፈልገው ነው?»

ወረቀቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ሦስት ጊዜ ተቀድቶልኝ ነዋ ልጄ» አሉ።

ይሁን። መጠየቁ አይከፋም።